ሳይታረድ የታየው ዕጢ፦ የዶክተር ሐመልማል ጩማ ዜና ሕይወት

ዶክተር ሐመልማል ጩማ ከአባታቸው ከአቶ ጩማ ዳልጮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፋንታዬ ኤርሳዶ በ1956 ዓ.ም. በወላይታ አገር በዱቦ ተወለዱ፤ በተወለዱባት ዕለት ያሰሙት ልቅሶም የዳሞታ ተራራን ዝንጀሮዎች አስደንግጦ ቦዲቲ ድረስ እንዳባረራቸው እስከ ዛሬ ይወራል። አባታቸው በወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በጊፋታ በዓል የታረደውን በሬ ሞራ ዘርግተው የዓመቱን ዝናብና ጤና የሚያነቡ፣ ስማቸው የተጠራ ሞራ ገላጭ ነበሩና፣ ሕፃኗ ሐመልማል አጠገባቸው ቆመው፣ በሬው ሳይሞት ሆዱ ለምን አይታይም እያሉ ሽማግሌውን ሁሉ ያስጨንቁ ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤትና በሶዶ ተምረው፣ ደብረ ዘይት በእንስሳት ሕክምና ተመርቀው ሲመለሱ፣ የታመሙ ላሞች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ገና መርፌ ሳይወጉ ይድኑ ጀመር። በዚያው ዘመን ከመምህር ጌታነህ ቦሼ ጋር ተጋብተው ኤልሳዕንና ሚስጥርን ወለዱ።

በ1990 ዓ.ም. ለዶክትሬት ወደ ጀርመን አገር ሄዱ። ሥራቸውም፣ የጤፍ ፍሬ በአጠገባቸው ዳሞታን የምታህልባቸውን ጥቃቅን የብረት ናኖ ቅንጣቶች በደም ሥር ሰጥቶ፣ በካንሰር ዕጢ ላይ ሲለጠፉ ዕጢውን በኤም አር አይ ምስል በሕያው እንስሳ ውስጥ ማየት ነበር። የቤተ ሙከራው ወግ ግን ምስሉ ከተነሣ በኋላ አይጧን ገድሎ፣ ከፍቶ ማረጋገጥ ስለ ነበር፣ ዶክተር ሐመልማል አንዲቱን አይጥ አላስገድልም ብለው ፕሮፌሰራቸው ፊት ቆሙ። «ከሞተች ለዕጢዋ የምንሰጣት መድኃኒት ማዳኑን ማን ይነግረናል? ምስሉ ከዋሸ ዲግሪው ይቅርብኝ!» አሉ፤ ፕሮፌሰሩም «እንግዲያውስ ምስሉ ከዋሸ ዲግሪው ይቀርብዎታል» ብለው ፈቀዱ።

የመጀመሪያው ምስል ቅጂ ዱቦ በደረሰ ጊዜ፣ አቶ ጩማ ሞራ መስሏቸው ወደ ፀሐይ ዘርግተው፣ «ዝናቡ ደኅና ነው፤ ይህች ጥቁር ነጥብ ግን ጠላት ናት» ብለው አነበቡ፤ የአይጥ ሆድ መሆኑ ሲነገራቸውም፣ «ምነው ልጄ፣ ጀርመን በሬ ጠፋ?» ብለው አገሩን አሳቁ።

አይጧ መድኃኒት ተሰጥቷት፣ ቅንጣቶቹም እንደ ገና ገብተውላት ስትታይ ነጥቧ አነሰች፤ ቆይታም ፈጽማ ጠፋች። ሌሎች ሊቃውንት ምስሎቹን አገላብጠው መርምረው ስሕተት ሲያጡ፣ የመመረቂያ ሥራቸውን የሰማው ጉባኤ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጁ እስኪያብጥ አጨበጨበ፤ ዲግሪውም በክብር ተሰጠ። አይጢቱም ማንም ቢላዋ ሳያነሣባት፣ እንደ ጊፋታ ሰንጋ ወፍራ፣ በእርጅናዋ በሰላም ሞተች።

እዚያው ጀርመን እንዲቀሩ ቢለመኑም እምቢ ብለው ወደ ሶዶ ተመልሰው፣ ባጃጅ ነጂው ሁሉ ተሳፋሪውን ስለ ናኖ ቅንጣት እስኪያስተምር ድረስ አስተማሩ። ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው መምህር ጌታነህ፣ ልጆቻቸው ኤልሳዕና ሚስጥር፣ እንዲሁም በየአገሩ ሕያው እንስሳ ሳይገድሉ የሚመረምሩ ተማሪዎቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ሥጋን ሳይከፍት ልብን የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን በቅዱሳኑ አጠገብ ያሳርፍልን፤ አሜን።