የባላንጣዋ ቁልፍ

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ ሁለት ሴቶች ተቀምጠዋል። አንደኛዋ የዘይት መጭመቂያ ፋብሪካዋ ተቃጥሎባታል።

«ንግድ ምክር ቤቱ ስብሰባ ጠራልሽ አሉ?»

«አዎ፤ ነጋዴውን ሰብስቦ ‹ምን እናግዛት?› አለ። መጀመሪያ ማን ተነሳ መሰለሽ? አያ ካሴ!»

«ያ ባላንጣሽ? በስመ አብ! ያቃጠለው እሱ ነው ስትይ አልነበር?»

«ብያለሁ፤ ለፖሊስም ሳይቀር።»

«እና ምን አለ?»

«‹የእሷ እስኪሠራ በእኔ ማሽን ትጭመቅ፤ ሠራተኞቿም ይምጡ› ብሎ የፋብሪካውን ቁልፍ እጄ ላይ አኖረው።»

«ኧረ በማርያም! አንቺስ?»

«ምን እላለሁ? ሰው ሁሉ እያየኝ ቁልፉን ይዤ ቆምኩ።»

«አሁንም እሱ ነው ትያለሽ?»

«እንጃ እቴ። በሩን በከፈትኩ ቁጥር ለፖሊስ የሰጠሁት ቃል ትዝ ይለኛል።»

ከኋላ ሆኜ ፊቷን ማየት ፈለግሁ፤ ግን ዐይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።