የእናቴ ጉልበት

ልጆቼ፣ እንዲህ ሰብሰብ ካላችሁማ ሙሽራ ሳለሁ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ጣልያን ገና አልገባም። ከአረካ ወገን ወደ ሶዶ ተድሬ፣ ከጫጉላ በወጣሁ ማግስት አማቴ እንሰት እንድፍቅ አስቀመጡኝ። የሙሽራ ሙያ የሚታየው በዚያ ነው፤ የሰፈሩ ሴት ሁሉ ከቦኛል። እንሰቱን ጣውላው ላይ በእግሬ ይዤ በቀርከሃው መፋቂያ ሦስቴ ፋቅሁ፤ ከዚያ እግሬን ሰብስቤ፣ ጉልበቴን ጨብጬ "ኡፍ!" አልኩ። ደግሞ ሦስቴ ፋቅሁና ደግሞ "ኡፍ!" "ውይ፣ አንካሳ ነው እንዴ የዳሩልን!" አለች የባሌ እህት። ሴቶቹ ሳቁ። እኔ ግን ወደ ቤቴ ሊመልሱኝ ነው ብዬ ደነገጥኩ።

አማቴ ጉልበቴን አሸት አሸት አደረጉና፣ "ልጄ፣ ደህና ነው እኮ። ለምን ትይዢዋለሽ?" አሉኝ። "እንዴ እማማ፣ እንሰት እንዲህ አይደል የሚፋቀው? እናቴ እንዲህ ነው የምትፍቀው።" ሳቁ ቀጥ አለ። "እናትሽን ጉልበቷን ያማታል፣ ልጄ" አሉ አማቴ ቀስ ብለው። ያን ሁሉ ዓመት በእንሰቱ ጥላ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳያት፣ አይ ያ ጥላ! ለካ ጉልበት መያዙ የሥራው ወግ መስሎኝ ኖሯል። ሙሽራ ወላጆቿ ቤት የምትሄድበት ጊዜ ገና ነበር፤ አማቴ ግን በማግስቱ ቅቤ አስይዘው ሰደዱኝ። እናቴ በር ላይ ስታየኝ "አባረሩሽ?" ብላ ጮኸች። አስቀምጬያት ጉልበቷን በቅቤው ማሸት ጀመርኩ።

"ማን ነገረሽ?" አለችኝ።

"እኔ ስፍቅ ያዩኝ ናቸዋ" አልኳት።