የአባቴ የጥምቀት ፎቶ

ከአባቴ የቀረን አንድ ፎቶ ነው፤ አምና ለጥምቀት ቀሐ ወንዝ ላይ የተነሳው። ለተዝካሩ ላሳጥበው ያነሳው ሰውዬ ጋ ፒያሳ ሄድሁ። ኮምፒውተሩ ላይ በቀኑ ቢፈልገው ባዶ! "ጠፍቷል ወንድሜ" አለኝ። ክው አልሁ።

"ስንት ቀን ብለህ ጻፍኸው?"

"አስራ አንድ ነዋ! ጥምቀት መቼ ነው?"

"ካሜራው እኮ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። ከፈረንጆች ጋር መንገድ ስሠራ በጥር ቀናቸው በስምንት ይበልጠን ነበር። እስቲ አስራ ዘጠኝ በለው።"

ሲሚንቶ የጠጣ ልብሴን አየና "ደሞ አንተ ልታስተምረኝ?" እያለ ጻፈው። አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ ኮምፒውተሩ ላይ ድቅን አለ።

ሰውዬው ደነገጠ። "ስንተኛ ክፍል ነህ?"

"ከአራተኛ ነው ያቋረጥሁ።"

"ምነው? እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዘህ?"

በጣቴ አባቴን አሳየሁት። "እሱ ታሞብኝ።"