ውድ እናቴና አባቴ

አናጢው እህቱን ከሰልፉ መሃል ፈልጎ አገኛትና ከጎኗ ቆመ። ከፊታቸው አራት ወላጆች ነበሩ። ከአራቱ ፊት ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ የልጆች መንፈሳዊ ካምፕ አስተባባሪ፤ እናቶቹን ሁሉ «እህታችን» እያለ ቅጽ ይቀበላል። አዳራሹ ወና ስለሆነ ቀስ ብለው ያወሩት ሁሉ ግድግዳ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። አናጢው ይህን ያውቃል፤ ኮርኒሱን የሠራው እሱ ነው።

«እንዴት ዋልሽ እህት ዓለም? ቆመሽ ቆየሽ? ጫማው አዲስ ነው መሰለኝ፣ ያምርብሻል። ማሙሽስ፣ ሳሉ ተሻለው? ጎሽ። ዛሬ ደግሞ ነፋስ የለም፣ ደስ ይላል። ልጅ ይዞ ለመውጣት የተመቸ ቀን ነው… ልጅ ሰጥቶ ለመመለስም እንደዚያው።»

እህቱ ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ የሰባት ዓመት ልጇን የምታውልበት የላትም። ቅጹን ሞልታ ጨርሳለች፤ ፊርማ ብቻ ይቀረዋል። ከቅጹ ጋር አንድ ወረቀት ተሰጥቷታል፤ «ወላጆች ከካምፓችን ምን ይጠብቃሉ?» ይላል። አናጢው ከእጇ ተቀበለና ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ያዘው።

«እስቲ ላንብብልሽ። ‹ልጅዎ ራሱን መቻል ይማራል።› ይሄ እውነት ነው! መሰከርኩ። ልጄ ድንቢጥ ባለፈው ዓመት ሄዳ አልነበር? አንሶላዋን በገዛ እጇ ማጠብ ተምራ መጣች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ከሦስት ዓመቷ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የሚታጠብ አንሶላ አልነበራትም… እዚያ ሄዳ አገኘች። ሙያ ነው እኮ። አንቺስ ብትሆኚ የምትበይበት ሙያ አይደል?

«‹ወላጆች ባይደውሉ ይመረጣል፤ የልጁን ሆድ ያባባል።› ደግ አሳቢ! የማንንም ሆድ ማባባት አይፈልጉም። መሙላትም እንደዚያው በልክ ነው። ሾርባው ሲቀርብ ሦስት መዝሙር፣ ከመዝሙሩ በኋላ ጥቅስ በቃል። ጥቅሱ የጠፋበት እስኪመጣለት ቆሞ ይጠብቃል። የቀዘቀዘ ሾርባ ለልጅ ሆድ ይስማማል ያለ ሐኪም አግኝተው ይሆናል፣ እኔ አናጢ ምን አውቄ? ድንቢጥ ስትመለስ ቀሚሷ ሰፍቷታል። ልጅ ያድጋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ልብስ ያድጋል ሲሉ ግን… ተአምር ማለት ይሄ ነው መቼስ።»

አንዱ ወላጅ ፈርሞ ወጣ። ሰልፉ አንድ እርምጃ ተጠጋ። አናጢው ድምፁን ከፍም ዝቅም አላደረገም። ያደገው ሰው ቤት ነው። ፊት ለፊት የሚናገር ልጅ ራቱን እንደሚያጣ በስምንት ዓመቱ ገብቶታል፤ ከዚያ ወዲህ ነገርን እንደ ብሎን እያዞረ ነው የሚያስገባው።

«አሃ፣ ይቺን ስሚ። ‹ልጅዎ በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ይጽፍልዎታል።› እዚህ ላይ እጅ ይነሳል! የድንቢጥ ደብዳቤ ትዝ ይልሻል? አንቺ እንኳ አልቅሰሽበታል። ‹ውድ እናቴና አባቴ፣ ደህና ነኝ። ምግቡ ይጣፍጣል። ብዙ ጓደኞች አፍርቻለሁ። ስለ እኔ አታስቡ።› አንዲት ፊደል አልሳተችም።»

እህቱ አንገቷን ደፋች። የድንቢጥ እናት ከሞተች አራት ዓመት ሆኗታል።

«‹ውድ እናቴ› የሚለው ላይ ስደርስ ምን አልኩ? ልጅ ናት፣ ለሞተም ሰላምታ ይደርሳል ብላ ነው አልኩ። ከመሥሪያዬ በላይ ለጠፍኩት። ወንበር ሊያሠራ ለመጣ ሁሉ አነበብኩ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው የልጁን አምጥቶ አነበበልኝ… ‹ውድ እናቴና አባቴ፣ ደህና ነኝ።› ባለጋራዡም የሱን አመጣ… ‹ስለ እኔ አታስቡ።› ጎበዝ አስተማሪ አላቸው ተባባልንና ተሳስቀን ተለያየን። አቤት አንድነት! አርባ ልጅ በአንድ ልብ፣ በአንድ አፍ፣ በአንድ ጥቁር ሰሌዳ… ምን አልኩ? በአንድ መንፈስ ለማለት ነው።»

ከጠረጴዛው ኋላ የነበረው እስክሪብቶ ቆመ። ከዚያ እንደገና መጻፍ ጀመረ።

«አልነገርኩሽም ለካ። ማክሰኞ ለት ሥራ ተጠርቼ ነበር፣ አንድ ትልቅ ሰው ጋ። የጠረጴዛቸው መሳቢያ አልከፈት ብሎ። እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ታውቂያለሽ። ሰውም ሹመት ሲያገኝ ይባላል… እሳቸውን ማለቴ አይደለም፣ እሳቸው ትሑት ናቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው? መሳቢያ ውስጥ ያደረ ግን እያደር ይጣበቃል። ጠርዙን ላግ ላግ አደረግኩት፣ ሰም ቀባሁት፣ ወጣ። ውስጡ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ደብዳቤ! ልጆቹ መጀመሪያ የጻፉት፣ የገዛ ራሳቸው። አንድ አልተቀደደ፣ አንድ አልጠፋ። በላስቲክ ታስሮ፣ ዓመቱ ተጽፎበት። ሌላ ሰው ቢሆን እሳት ውስጥ ይከተው ነበር። እሳቸው ቆልፈው አስቀመጡት። አደራ ጥብቅ ይላሉ፤ እንዲህ የጠበቀ አደራ ግን አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እህቱ ወደ ጠረጴዛው አየች። የመሳቢያው ጠርዝ ላይ መላጊያ ያለፈበት እንጨት ነጭ ሆኖ ይታያል።

«ደግሞም ልክ ናቸው! ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ ልጅ የጻፈውስ ለፖስታ ይበቃል? ፊደሉ ጠማማ፣ ወረቀቱ የረጠበ። ወላጅ ያንን ያነበበ ቀን ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ሥርዓት ይፈርሳል። ስለዚህ የልጁን ያስቀምጡና ከሰሌዳው ያስገለብጡታል… ለእኛ አዝነው ነው እኮ። ዝምታ ወርቅ ከሆነ፣ እዚያ መሳቢያ ውስጥ ያለው ባንክ ነው።»

አናጢው እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። የሰው ንብረት አልነካም፤ ከዚያ ሁሉ ውስጥ የራሱን ብቻ ነበር ያነሳው። አውጥቶ ለእህቱ ሰጣት። ሦስት መስመር ናት።

«አባዬ የታችኛው አልጋ ላይ ነኝ። አንተ በእርሳስ የጻፍከው ቁጥር ከላዬ ይታየኛል። ና ውሰደኝ።»

የካምፑን ተደራራቢ አልጋዎች የሠራው እሱ ነው። ሰማንያ ሁለት ተኩል። ሳንቃውን ሲቆርጥ የጻፈው ልክ ነው፤ ማጥፋት ረስቶት። በእሷ ዕድሜ እሱ «ና ውሰደኝ» የሚለው ሰው አልነበረውም። እሷ ነበራት። እሱ ግን መሥሪያው ውስጥ ቆሞ ለደንበኛ ደብዳቤ ያነብ ነበር።

ሦስተኛው ወላጅ ሄደ። ከፊታቸው አንድ ሰው ብቻ ቀረ።

«የእሳቸው ልጆች? አይ፣ እነሱ ካምፕ ረግጠው አያውቁም። እረፍታቸውን አያታቸው ጋ ነው። ሌላው ቢሆን የራሱን ልጆች ያስቀድም ነበር፤ እሳቸው ቦታውን ለሌላው ለቀቁ። መስዋዕትነት ነዋ!… ማሙሽን እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ፣ እናቱ አንቺ ነሽ፣ እኔ ምን ጥልቅ አደረገኝ። ሳሉ ቢነሳበት እንኳ ደህና መሆኑን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ትሰሚያለሽ። ብቻ ዘንድሮ ድንቢጥ ቤት ናት፤ ጎረቤታችን አሮጊቷ ከእሷ ጋ ይውላሉ፣ እኔም ከጓሮ ነኝ። አብረው ቢውሉ አይጠሉም። የኛ ሾርባ መዝሙር የለውም እንጂ ይሞቃል።»

ተራቸው ደረሰ። አስተባባሪው ቀና ሳይል እጁን ለቅጹ ዘረጋ። ጆሮው ቀልቷል። «እህታችን» አላለም። እህቱ ቅጹን አራት ቦታ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ ባለሦስት መስመሯን ወረቀት ለወንድሟ መለሰችለት። ከኋላቸው የነበሩት እናት የራሳቸውን ቅጽ እንደ አዲስ ማንበብ ጀመሩ።

አናጢው ባርኔጣውን አወለቀ። የጠረጴዛውን ጠርዝ በመዳፉ ዳበስ አደረገ፤ የእጁን ሥራ እንደሚያይ ሰው።

«በይ እንሂድ። ሳይመርቁ መሄድ ግን ነውር ነው። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ልጆቻቸው ይደጉላቸው፣ ይማሩላቸው፣ ሩቅ አገር ይግቡላቸው። እሳቸው አርጅተው፣ በር በሩን የሚያዩበት ጊዜ ሲመጣ… ደብዳቤ አይጓደልባቸው። በየወሩ ይድረሳቸው። ‹ውድ እናቴና አባቴ፣ ደህና ነኝ፣ ስለ እኔ አታስቡ› የሚል፤ አንዲት ፊደል ያልሳተ፣ ልክ እሳቸው እንዳስተማሩት። አሜን በይ እንጂ፣ እህቴ።»