ኬላው ሳይደረስ የተዋጠ ወረቀት

ያን ሽማግሌ ማመስገን ነበረብኝ ወይስ መሸሽ? እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

በደርግ ጊዜ፣ በሰሊጥ አጨዳ ወቅት፣ ከሽንፋ ወደ መተማ በሚሄድ የጭነት መኪና ላይ ነበርን። አጠገቤ ለአጨዳ የመጡ የጎጃም ሽማግሌ፣ ከእሳቸው ቀጥሎ ማጭድ የያዘ ወጣት ተቀምጠዋል። ወጣቱ ከወረቀት ላይ ያነበንባል።

«ዳዊት ነው የምትደግመው፣ ልጄ?»

«እንግሊዝኛ ነው፣ አባቴ። ግሱ አንድ ነው፣ ጌት። አውት ሲከተለው መውጣት ይሆናል፤ አዌይ ሲከተለው ማምለጥ፣ አክሮስ ሲከተለው መሻገር።»

«ሰሊጡን በእንግሊዝኛ ልታጭደው ነው?»

«ለፈተና ነው።»

«እስቲ መዳፍህን። አይ፣ ይህ እጅ ማጭድ አያውቅም። ሱዳን ልትገባ ነው።»

«ኧረ ቀስ ይበሉ!»

«አምና እንዳንተው መጽሐፍ የያዘ ልጅ ኬላው ላይ አውርደው ወሰዱት። በዚያው ቀረ።»

«ማን ጠቆመው?»

«እኔ።»

«ምን አሉኝ?»

«ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ልጅ መሆኑን ልብ ያልኩት ሲወስዱት ነው።»

«ዛሬስ ቢጠይቁዎት?»

«የእህቴ ልጅ ነህ እላለሁ። ኬላው ያውና! ወረቀቱን ዋጠው፤ ውሃ እኔ ጋ አለ።»

ወጣቱ አኘከ፣ ዋጠ። ኬላው ላይ ሲጠይቋቸው ሽማግሌው «የእህቴ ልጅ ነው» አሉ፤ አለፍን።

መተማ ስንደርስ ሽማግሌው ሊያወርዱኝ የዘረጉልኝን እጅ ሳልይዝ ዘልዬ ወረድኩ፤ ይህንን ለሰው የነገርኩት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አስተማሪ ሆኜ ያንኑ ግስ ሰሌዳ ላይ በጻፍኩ ቀን ነው።