ባሩድ ከምሰሶ ሲወርድ

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ጥቅምት ሲጠባ፣ በብቸና ጤና ጣቢያ በጤና ረዳትነት ከተመደብሁ ገና ዓመት አልሞላኝም ነበር። በፈንጣጣ ክትባት ሥራ ዐሥራ አምስት ቀን ሞጣ እንዳግዝ ታዝዤ በተከራየሁት በቅሎ ከከተማው ስወጣ፣ ከመንገዱ ዳር አንድ ሽማግሌ ቆመው አገኘሁ። የተማርሁት ሙያ ሰውን ከማነጋገሬ በፊት አስተውዬ እንዳይ አስለምዶኛልና አየኋቸው። ጋቢያቸው ንጹሕ ነው። የግራ ቅንድባቸው የለም። የጣቶቻቸው ጫፍ ጠቁሯል፤ ጥቁረቱ ግን የአፈር አይደለም።

«ሞጣ ነህ?» አሉኝ፤ ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«አዎን ጌታዬ፣ ሞጣ ነኝ።»

«እንግዲያው እግዜር ነው ያመጣህ። በየገበያው ቀን እዚህ ቆሜ የሞጣ መንገደኛ እጠይቃለሁ። አየኋት የሚል አላገኘሁም። ልጄ ይርጋነሽ ትባላለች። ከባሏ እኅት ቤት ነው ያለችው፤ ፈትል ትፈትላለች። ይህን ለልጇ ስጥልኝ።»

ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጥለት ያለው የልጅ ቀሚስ ነበር።

«ልኳን አላውቅም» አሉ። «ከሄደች ሁለት ክረምት ሆነ። ሸማኔው ‹ስንት ክንድ ልሥራ?› ቢለኝ እጄን ከመሬት አንሥቼ ‹ይህን ታክላለች› አልሁት። መቼም ትታወሰኛለች።»

ስማቸውን ጠየቅሁ። ባላምባራስ አካለ ወልድ ነበሩ። ብቸና ውስጥ በአፉ የሚጎርሰውን የጥንቱን ነፍጥ እስከ ዛሬ በየጥምቀቱና በየጀግናው ቀብር የሚያስጮኹ፣ ባሩዱንም ራሳቸው የሚያዘጋጁ ሰው መሆናቸውን በዝና አውቅ ነበር።

እኔም የአሰላ ልጅ ነኝ። እናቴ የምትልክልኝ ደብዳቤ ሁለት ወር በመንገድ ይቆያል። ስለዚህ የቀሚሱን ጥቅል በኮርቻዬ ላይ አሰርሁና ሄድሁ።

ሞጣ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ይርጋነሽን አገኘኋት። እንዝርቷን ሳታቆም ሰማችኝ። ከዚያ ልጇን አገሬን ጠርታ ቀሚሱን ከትከሻዋ ላይ ለካችው። ጫፉ ከወገቧ ትንሽ ወረድ ብሎ ቀረ። ልጅቱ ስትዞር ከቀኝ ጆሮዋ ሥር እስከ አንገቷ የወረደ የቃጠሎ ጠባሳ አየሁ።

«በሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ማደጓን አያውቅም» አለች ይርጋነሽ። «ይኸውልህ ጋሼ፣ ነገሩን ልንገርህ። ወሩ ነሐሴ ነበር። አባቴ የረጠበ ባሩድ በገል አድርጎ ከምድጃው ዳር ያደርቃል። ሲያገላብጠው ትንሽ ፈሰሰ። እናቴ ጠረገችው፤ ጥራጊው ከምድጃው ደረሰ። አገሬ በመካከል ተቀምጣ ነበር።»

«አሁንስ ብትመለሺ?»

«ባሩዱ ከዚያ ቤት ይውጣ፣ እኔም እገባለሁ። አባቴን ጠልቼ እንዳይመስልህ። ዳዊት ሲደግም የሚሰማው ድምፁ እንኳ ይናፍቀኛል። ነገር ግን የዚህችን ልጅ ሌላኛውን ጆሮ አልሰጥም።»

ወደ ብቸና እንደ ተመለስሁ ወደ ባላምባራስ ቤት ሄድሁ። ከቤቱ ጀርባ ከዋንዛው ሥር ሲሠሩ አገኘኋቸው። ልጠጋ ስል እጃቸውን አነሡ።

«ቁም! ጫማህን አውልቅ።»

«ለምን?»

«ሥሩ ሚስማር አለው። ሚስማር ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ምን ያወጣል? ሐኪም ነህ፣ ንገረኛ።»

አወለቅሁ። ሽማግሌው በሙያቸው ጠንቃቃ ነበሩ፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ዕቃቸው ሁሉ የእንጨት፣ የቀንድና የቁርበት ነው፤ ብረት አላየሁም። ሲፈጩ ባሩዱን አርጥበው ነው። የድብልቁን ልክ አባታቸው ለእርሳቸው ብቻ የነገሯቸው ስለ ሆነ አልጠየቅኋቸውም፣ አልጽፈውምም። ቅንድባቸው እንዴት እንደ ሄደ ስጠይቃቸው አልደበቁኝም፤ በአንድ ቀብር ላይ ተኩሰው፣ የነፍጡ ሆድ ሳይበርድ ከቀንዱ በቀጥታ ባሩድ ሊጨምሩ ሲሉ በውስጡ የቀረ ፍም አቀጣጠለባቸው።

«ከዚያ ወዲህ በትንሽ ቀንድ ሰፍሬ እንጂ ከትልቁ አላፈስም» አሉ። «ሰው ከቅንድቡ ይማራል።»

ከዚያ ወደ ቤት ገባን። የሞጣውን መልእክት አደረስሁ። ቀሚሱ እንዳጠራትም ነገርኋቸው። «እስከ ምኗ ደረሰ?» ብለው ጠየቁ። አሳየኋቸው። እጃቸውን ከመሬት አንሥተው የልጅቱን ቁመት በአየር ላይ ለኩ።

እኔ ግን ዓይኔ ከቤቱ ምሰሶ ላይ ነበር። ነፍጡ ተሰቅሏል። ከጎኑ አፉ በጨርቅ የተወተፈ ትልቅ የባሩድ ቀንድ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ በገል የተሰጣ ባሩድ ከምድጃው ሁለት ክንድ ርቆ ይደርቃል።

«ባላምባራስ፣ ይህ ባሩድ ከቤት ቢወጣ ምን ይጎዳዎታል?»

«ይኸው መጣ!» አሉና ወደ ሚስታቸው ወደ ወይዘሮ በዛብሽ ዞሩ። «ያንቺው ልጅ አስተምራ ልካዋለች።»

«ያንተም ልጅ ናት» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ ሽሮ እየነፉ።

«ስማኝ አንተ ልጅ። በእኛ ዘንድ ነፍጥና ባሩድ አይለያዩም፤ ሁለቱም ከምሰሶው አይርቁም። ባሩዱ ውጭ ያደረ ሰው ቤት እንደ ሌለው ይቆጠራል። ደግሞም ፀሐይ ያየው ባሩድ ይሰንፋል። የቤት ሙቀት ነው ጉልበት የሚሰጠው። አባቴም አያቴም እንዲህ አድርገው ኖረዋል።»

«ልጅ ተቃጥሎባቸው ያውቃል?»

«ባለፈው ዓመት የጎረቤቴ ቤት ነድዷል። እርሱ ዘንድ የነበረው ጤፍ ነው። ጤፉንም ላውጣ?»

«ጤፍ ሲነድ ለመሸሽ ጊዜ ይሰጣል፤ ባሩድ አይሰጥም። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። ከዋንዛው ሥር ስለ ሁለት ሚስማር ጫማ አስወልቀውኛል። እዚህ ግን ከምድጃ አጠገብ ዘርግተውታል።»

«እዚያ ሥራ ነው። እዚህ ቤት ነው።»

«ባሩዱስ ልዩነቱን ያውቃል?»

ወይዘሮ በዛብሽ ሳቅ አሉ። ባላምባራስ አልሳቁም። «ምላስ ተምረሃል» አሉኝ። «ከዚህ ምሰሶ አጠገብ እኮ እሳት የሚያልፈው በቀን ሁለቴ ነው፣ ቢበዛ ሦስቴ። ያኔም አያለሁ።»

ክርክር በቃል ብቻ ሲሆን ማንም አይረታም። ሰው ለዓይኑ ግን ይገዛል። ስለዚህ «እንቁጠር» አልኋቸው። በማግሥቱ፣ ቅዳሜ፣ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት መጥቼ ከመደቡ ላይ ተቀመጥሁ። ከምሰሶው በሁለት ክንድ ውስጥ እሳት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ከፊት ለፊታችን ባለ ቁና ውስጥ አንድ የባቄላ ፍሬ ለመጣል ተስማማን።

የመጀመሪያውን ፍሬ ያስጣሉን ባላምባራስ ራሳቸው ናቸው። ዳዊት ሊደግሙ ጧፋቸውን አብርተው ከምሰሶው ሥር ተቀመጡ፤ ነበልባሉ ከቀንዱ ጫፍ አንድ ክንድ አይሞላም። ፍሬውን ስጥል አዩኝ፤ ጧፉን ወደ ሌላ እጃቸው አዛወሩ። ቀጥሎ የጎረቤት ሴት እሳት ልትጭር መጣች፤ ፍሙን በገል ይዛ ከምሰሶው በስተ ግራ ወጣች። ትንሽ ቆይታ «ጠፋብኝ» ብላ ተመለሰች። ወይዘሮ በዛብሽ የሚነድ ትርኳሽ እንጨት ከአንዱ ጉልቻ ወደ ሌላው አዛወሩ፤ ብልጭታ ዘለለ። እኔ አላየሁትም ነበር፤ ወይዘሮዋ ግን «ያንን አልጣልህም» ብለው ፍሬውን ከእጄ ወስደው ራሳቸው ጣሉ።

እኩለ ቀን ሲሆን ቁናውን ወደ ባላምባራስ አስጠጋሁ። አንድ በአንድ አወጡ። ዐሥራ አራት ነበር።

«ዐሥራ አራት» አሉ።

«ገና ግማሽ ቀን ነው» አሉ ወይዘሮ በዛብሽ። «ሳይቃጠል በቅጠል ይላል ሰው። እኛ ከተቃጠልን በኋላም ቅጠሉን አልያዝነውም።»

«አንቺ ሁለት ዓመት ሙሉ ዝም ብለሽ ዛሬ ተናገርሽ?»

«እኔ የተዳርሁት ከነፍጡ ጋር ነው አካለ ወልድ። ማንኛችሁን ልምረጥ?»

ባላምባራስ ፍሬዎቹን ወደ ቁናው መለሱ። ከዚያ እንደ ተሸናፊ ሳይሆን ሥራውን እንደሚያውቅ ሰው ይጠይቁኝ ጀመር።

«ውጭ ከሆነ ሌባስ?»

«ትንሽ የድንጋይ ቤት ይሥሩ፣ በር ያለው፣ ቁልፍ ያለው። ከመኖሪያው ሠላሳ እርምጃ ይራቅ። እሳትም ጧፍም ይዞ ማንም አይግባ።»

«እርጥበትስ?»

«ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ቆጥ ያድርጉበት። የቀንዱን አፍ ከጨርቅ ይልቅ በእንጨት ውታፍ ይዝጉና ዙሪያውን በሰም ይምረጉት። በጎጃም ሰም አይጠፋም።»

«በነሐሴ ጀግና ቢሞትስ? በዝናም ባሩድ እንዴት ላዘጋጅ?»

«በክረምት አያዘጋጁ። በበጋ ነፋሻማ ጥላ ሥር የደረቀውን በሰም ዘግተው ያቆዩለት። ለአንድ ቀብር የሚበቃውን ብቻ፣ ከዚያ የሚበልጥ አይደለም። የፈሰሰውንም ባሩድ ውሃ ረጭተው ይጥረጉት፤ ጥራጊው ወደ ምድጃ አይሂድ።»

«ከሰነፈ ግን ነፍጡን የማጎርሰው አንተን ነው» አሉኝ።

ያን ዕለት ገሉን ራሳቸው አንሥተው ወጡ። ቀንዱንም አወረዱ። ነፍጡን፣ በውስጡ ምንም የጎረሰ አለመኖሩን መርምረው፣ በቦታው ተዉት። በዚህ አልተቃወምሁም። ባዶ ብረት ልጅ አያቃጥልም፤ ከአባት የተወረሰን ነገር ሁሉ አውጡ ማለትም ምክር አይደለም።

በኅዳር ጎረቤት በደቦ ወጥቶ የድንጋዩን ቤት ሠራ። የመኖሪያ ቤቱም ወለል ከእበቱ ልቅላቂ ጋር ተፈንቅሎ ወጣ። በስንጥቁ ውስጥ የብዙ ዓመት የባሩድ ብናኝ ተቀብሮ አገኘን። ባላምባራስ በጣታቸው ነክተው አዩት፤ «በዚህ ላይ ነው ስትድህ የነበረችው» አሉ።

በታኅሣሥ ከጥላ ሥር የደረቀውን ባሩድ ከምድጃ ዳር ከደረቀው ትራፊ ጋር በአንድ ልክ ሰፍረው፣ ከመንደር ርቀው ሁለቱንም ተኮሱ። በየመካከሉ ነፍጡ እስኪበርድ ጠበቁ። ድምፁም ጭሱም አንድ ነበር። «ጥላውም ነፋሱም አላሰነፈውም» ብለው ራሳቸው መሰከሩ። በዚያው ሳምንት መልእክት ወደ ሞጣ ሄደ። ይርጋነሽ ግን ጥምቀት እስኪያልፍ አልመጣችም። ባላምባራስን በየገበያው ቀን ከመንገዱ ዳር ቆመው አገኛቸው ነበር፤ የጠየቁትን መንገደኛ ሁሉ ያመሰግኑታል፣ ከዚያ ሌላውን ይጠብቃሉ።

በጥር መጨረሻ ከልጇ ጋር መጣች። ወይዘሮ በዛብሽ ጠርተውኝ ከመደቡ ላይ ተቀምጬ ነበር። አገሬ አያቷን አላወቀቻቸውም፤ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተደበቀች። ባላምባራስም አልጠሯትም። ከምሰሶው ሥር ቁጭ ብለው ጠበቋት፤ እስክትለምዳቸው ሦስት ቀን ፈጀባት።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን የጻፍሁት አሮጌ ነፍጥ በየቤቱ ስላለ ነው። ባሩድን ከመኖሪያ ያራቀ ሰው ልጁን ያለ ስጋት ያሳድጋል። ሚስቱ እሳቷን ሳትፈራ ታነዳለች፤ ጎረቤቱም ፍም ሊጭር ሲመጣ ጣራውን ይዞ አይሄድም። የቀብሩና የጥምቀቱ ተኩስ አልቀረም፤ እንዲያውም በሰም የተዘጋው ባሩድ በቀጣዩ ክረምት ስላልረጠበ አንድም ሳይከሽፍ ጮኸ። ባሕሉ እንዳለ ነው፤ የቀረው ቃጠሎው ብቻ ነው። የራስን ቤት እንደ እንግዳ ተቀምጦ ግማሽ ቀን ማየት ደግሞ ምንም አያስከፍልም።

በአራተኛው ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ አገሬ በአያቷ ጉልበት ላይ ተኝታ አገኘኋት። ይርጋነሽ በር አጠገብ ትፈትላለች። ባላምባራስ የልጅቱን ጠባሳ በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈን እያደረጉ፣

«ሁለት ክረምት» አሉኝ። «እስከዚህ ቁመቷ እንዴት እንዳደገች አላየሁም። ምነው፣ ይህን የሚነግረኝ አንድ ሰው አስቀድሞ ባገኝ ኖሮ።»

«እኔ ነግሬዎት ነበር፣ አባ» አለች ይርጋነሽ። እንዝርቷን አላቆመችም፤ በቁጣም አልተናገረችም።

ሽማግሌው ወደ እርስዋ ለመዞር ፈለጉ፤ ልጅቱን እንዳይቀሰቅሷት ብለው ግን ባሉበት ቀሩ።

«ነግረሽኛል» አሉ። «ሦስት ጊዜ ነግረሽኛል።»