ጋቢናውን ለማንም ያልለቀቁት እናታችን

ከሩቅም ከቅርብም እናታችንን ልትሸኙ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ እንባችሁን ለአፍታ ያዝ አድርጉና የሕይወት ታሪካቸውን ስሙልን። ከተማው ሁሉ «እትዬ ጋቢና» እያለ የሚጠራቸው ስለ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው በመካከላችሁ ቢኖር፣ ዛሬ ሳያውቅ አይሄድም።

እናታችን በዚሁ ከተማ በርና መስኮት ይሠሩ ከነበሩ አናጢ አባታቸውና ቤት ለቤት ወተት ያዞሩ ከነበሩ እናታቸው የዛሬ ሰባ ስምንት ዓመት ተወለዱ። ገና ሕፃን ሳሉ ታናሽ እህታቸው ብትወለድ፣ አራሷ ሕፃን የተኛችበት አልጋ ውስጥ ገብተው ተጋድመው «እኔም ዛሬ ነው የተወለድኩት!» ብለው ድርቅ በማለታቸው፣ አባታቸው ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸው ሌላ ትንሽ አልጋ ሠሩላቸው። ቅናት ከእናታችን ጋር አብሮ አደግ ነው፤ ይህን የምንለው ለሐሜት ሳይሆን፣ እሳቸው ራሳቸው «እኔ የምቀናው የምወደውን ነው፤ የማልወደውንማ ይውሰዱልኝ» ይሉ ስለነበር ነው።

ትምህርት ቤት ገብተው እስከ አምስተኛ ክፍል ሲማሩ በሒሳብ የሚደርስባቸው አልነበረም፤ ሆኖም መምህሩ አጠገባቸው የምትቀመጠውን ልጅ ጽሕፈት ያመሰገኑ እንደሆነ ያን ቀን ምሳ አይበሉም ነበር። እናታቸው ወገባቸውን ሲታመሙ ትምህርቱን አቋርጠው የወተቱን ሥራ ተረከቡ፤ ከፍ ሲሉም መናኸሪያው ፊት ለፊት ባለው ዳቦ ቤት በመስኮት ዳቦ ሻጭ ሆነው ተቀጠሩ።

አባታችን በዚያ ዘመን ከዚህ ወደ ትልቁ ከተማ የሚመላለሰው አውቶቡስ ሹፌር፣ መለሎ፣ ፍንጭት፣ ለሰላምታ የሚቸኩሉ ሰው ነበሩ። በየማለዳው ሞተሩን እያሞቁ ሁለት ዳቦ ይገዙ ነበርና፣ በመካከላቸው ከሰላምታ ያለፈ ነገር ሳይኖር፣ እናታችን አንድ ቀን ዳቦውን በእጃቸው እንደያዙ «አንዱስ ለራስህ ነው፤ ሁለተኛው ለማን ነው?» ብለው ጠየቋቸው። «ለእናቴ ነው» ቢሏቸው አላመኑም። ከሥራ ሲወጡ አጠያይቀው ቤታቸው ድረስ ሄዱና፣ የአባታችን እናት፣ አያታችን፣ ሁለተኛውን ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከሩ ሲበሉ አይተው ነው ልባቸው ያረፈው። አያታችንም የመጡበትን ጉዳይ ሰምተው «ይቺማ ልጄን አትጥልብኝም» ብለው ወደዷቸው፤ ዓመት ሳይሞላም ሠርጉ ተደገሰ።

ከሠርጉ በኋላ ግን ወሬ መጣ። «ሲስተር» እያልን የምንጠራቸው በአውቶቡሱ መንገድ ላይ ያለው ጤና ጣቢያ ነርስ፣ ጠዋት ጠዋት ከሹፌሩ ጎን ጋቢና ተቀምጠው እየሳቁ ይሄዳሉ የሚል ወሬ። እናታችን ይህን እንደሰሙ ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ፣ እጃቸው ዱቄት እንደሆነ፣ አውቶቡሱ ላይ ወጥተው «እህቴ፣ ከኋላ ሰፊ ቦታ አለልሽ» ብለው ሲስተርን አስነሡና ተቀመጡ። አባታችን ደንግጠው «ምን ሆነሻል? ሥራ የለሽም እንዴ?» ቢሏቸው «ተሳፋሪ ነኝ፤ ንዳ!» አሉ። ማንም ውረጂ እንዳይላቸውም ቲኬት ቆረጡ።

በዚያው ቀሩ! ዳቦ ቤቱ ሌላ ሰው ቀጠረ፤ እሳቸውም ጋቢና ሆነው «ጠጋ ጠጋ በሉ» ሲሉ፣ መልስ የጎደለበትን ሲያስመልሱ፣ ረዳቱን ሲቆጡ ከርመው፣ ረዳቱ «እንግዲህ እሳቸው ይሥሩት!» ብሎ ቢለቅ የአውቶቡሱ ባለቤት በቦታው ቀጠራቸው። ከተማችን ሴት ረዳት ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። ቲኬት ሊቆርጡ ወደ ኋላ ሲሄዱ እንኳ ጋቢናው ላይ ቦርሳቸውን ያስቀምጡ ነበር እንጂ ወንበሩን ባዶ አይተዉም።

ሦስት ልጆች ወልደው ሲያሳድጉ፣ በሁለተኛዋ ምጥ የያዛቸው መንገድ ላይ ነበር። አባታችን መኪናውን እያበረሩ ጤና ጣቢያው በር ላይ ቢያቆሙም እናታችን «እዚያች ሴትዮ እጅ አልገባም» ብለው በሩን ይዘው አልወርድ አሉ። ሲስተር ጓንታቸውን እያጠለቁ መጥተው «አንቺ ሴት፣ የባልሽን ነገር ነገ እንጨርሰዋለን፤ አሁን ግፊ!» አሏቸውና ልጅቱ እዚያው ጋቢና ላይ ተወለደች። ይህን የምታነብላችሁ እሷው ናት፤ ድምፅዋ እንዲህ የጎላው ከሞተር ጋር ስትፎካከር ተወልዳ ነው ይላሉ። ከዚያ ወዲህ እናታችንና ሲስተር አንድ ነፍስ ሆኑ፤ ቢሆንም ሲስተር ሁልጊዜ የሚሳፈሩት ከኋላ ነበር።

አያት ሲሆኑም ያው ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ከሌላዋ አያታቸው ቤት ሲመለሱ «ሾርባዋ ከእኔ ይጣፍጣል?» ብለው ይጠይቃሉ። ትንሿ አንድ ጊዜ «እኩል ነው» ብላ በመመለሷ በማግስቱ የሾርባው ሥጋ እጥፍ ሆነ፤ ልጆቹም ነገሩ ስለገባቸው ሥጋ ባማራቸው ቁጥር ሌላዋን አያት ማመስገን ጀመሩ። አውቶቡሱ ተሽጦ፣ የአባታችን ዓይን ደክሞ፣ መንገድ ላይ ሰላም የምትላቸውን ሴት መለየት ሲያቅታቸው ደግሞ፣ እናታችን ክንዳቸውን ይዘው እየመሩ «ተመስገን፣ አሁን ገና ዐረፍኩ» ይሉ ነበር።

ባለፈው ዓመት ልባቸው ታሞ ከአልጋ ሲውሉ፣ ሐኪሙም ተስፋ ሲቆርጥ፣ እናታችን ቅናታቸውን ትተው ለመሄድ ቆረጡ። አባታችንንና ባላቸው የሞተባቸውን ሲስተርን አልጋቸው አጠገብ አስጠርተው «እኔ ካለፍኩ ሁለታችሁ ተጋቡ፤ ከማላውቃት የማውቃት ትሻለኛለች» አሉ። አባታችን፣ በሽተኛ እንዳይከፋ ብለው፣ «እሺ» አሉ።

እሺ! ወገኖቼ፣ መድኃኒት ያላነሣቸውን ሴት ይህች «እሺ» ከአልጋ አነሣቻቸው። «ትንሽ እንኳ አታንገራግርም? ለይምሰል እንኳ?» ብለው ቁጭ አሉ። ሲስተር «እኔንስ ማን ጠየቀኝ? መኪና አቁሞ ሲተኛ ማንኮራፋቱ ከጋቢና እስከ ኋላ ወንበር ይሰማ የነበረውን ሰውዬ ምን ላደርገው ነው?» ቢሉም የሚሰማቸው አልነበረም። እናታችን በሳምንቱ ተነሥተው ቆሙ፤ ወጥ ቤት ገቡ፤ ክረምቱንም በጋውንም አባታችንን ከዓይናቸው ሳያርቁ ከረሙ።

ባለፈው ማክሰኞ ግን ድካሙ በርትቶባቸው፣ አባታችንን ብቻቸውን አስጠርተው «ያን ነገር አሁንም ትፈቅዳለህ?» ብለው ጠየቋቸው። አባታችን «እምቢ! እንኳን ሲስተርን ንግሥት ብታመጪልኝ እምቢ!» አሉ። እናታችንም «እንዲህ ነው እንጂ» ብለው እጃቸውን እንደያዙ ዐረፉ።

ከኋላቸው ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ታናሽ እህታቸውንና እዚያ ጥግ ከሁሉ ብሰው የሚያለቅሱትን ሲስተርን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በሰላም ስፍራ ያኑርልን፤ ለእናንተም ብርታቱን ይስጣችሁ። ቅናት የሌለበት ዕረፍት ይስጣቸው ልንል ነበር፤ ነገር ግን እናታችንን ያለ ቅናታቸው አናውቃቸውምና፣ እንዳሉ ይቀበልልን። አሜን።